በቱቦው የማያልፍ ስጦታ

ባለሱቋ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረግፈው ደብዛዛው ሳሎን ባንድ ጊዜ ቀለም በቀለም ሆነ። ብዮች ተንከባለሉ። ባለፈርጥ የፕላስቲክ ቀለበቶች፣ ጥፍር የሚያካክሉ እንቁራሪቶች፣ ፊሽካዎች፣ አውራ ጣት የሚያህሉ መኪናዎች፣ ብርሃን ሲያርፍባቸው እንደ ዓሣ ዓይን የሚያበሩ ዶቃዎች ተከመሩ። አንዲት ብይ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወረደችና ወለሉን ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ እያደረገች ሶፋው ሥር ገባች።

ሲስተር ክምሩን አላየችም። ያየችው ያቺን የሸሸችውን ብይ ነው። ወዲያው ተንበርክካ እጇን እስከ ክርኗ ሶፋው ሥር ሰደደች።

«ኧረ ተያት! ብይ ናት እንጂ እባብ አይደለች» አለች ባለሱቋ።

«አገኘኋት፣ እትዬ» አለች ሲስተር፤ ብይዋን ጨብጣ ከወለሉ ሳትነሳ።

ሲስተር እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አላት። ግን በሆስፒታሉ የልጆች ጉሮሮና አፍንጫ ክፍል በነርስነት መሥራት ከጀመረች ወዲህ ያንን ስም የሚያስታውሰው መታወቂያዋ ብቻ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ሲስተር ይላታል። የከተማ አውቶብስ የሚነዳው ባሏ እንኳ በስሟ የሚጠራት ሲያኮርፍ ብቻ ነው። ባለሱቋ የሾፌሩ ታላቅ እህት ናት፤ መናኸሪያው ፊት ለፊት የአሻንጉሊትና የስጦታ ወረቀት ሱቅ ከፍታ ስንት ዓመቷ። የሾፌሩና የሲስተር ልጅ፣ በክብ ጉንጯ ምክንያት ድንቡሼ የሚሏት፣ እሑድ አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ለተጋባዦቹ ልጆች ሲወጡ የሚሰጣቸውን ከረጢት የምትሞላው ደግሞ፣ የሌላ ሱቅ ዕቃ ቤቱን ሳይረግጥ፣ አክስትየዋ እንደሆነች ማንም ሳይጠይቃት ቃል ገብታለች።

«በሉ ምረጡ» አለች ባለሱቋ እጇን በወገቧ አድርጋ። «ለወንድሜ ልጅ ስል መደርደሪያዬን አራቁቼ ነው የመጣሁት።»

ድንቡሼ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አገጯን አስደግፋ ነበር። አልነካችም፤ እንዳትነካ ታውቃለች። ግን ዓይኖቿ ከዶቃዎቹ አንዱን ይዘው ሊለቁ አልቻሉም። «እማዬ፣ ያብረቀርቃሉ» አለች በሹክሹክታ፣ ቤተ መቅደስ እንደገባ ሰው።

ሲስተር ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደችና የሶፍት ጥቅል አልቆ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ ይዛ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ሾፌሩ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ ዓይኑን ጨፈነ፤ የሚመጣውን ያውቀዋል።

«ምንድን ነው ደሞ እሱ?» አለች ባለሱቋ።

«መለኪያ ነው፣ እትዬ። በዚህ ውስጥ ያለፈ ነገር የትንሽ ልጅ ጉሮሮ ውስጥም ሊገባ ይችላል። ያላለፈውን እንሰጣለን።»

ብይዋን ጣለችበት። ጠብ። ቀለበቱን ጣለች። ጠብ። እንቁራሪቱ፣ ፊሽካው፣ መኪናው ተራ በተራ ከላይ እየገቡ ከታች ወጡ።

«ትኬት የቆረጠ ሁሉ እያለፈ ነው» አለ ሾፌሩ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ከክምሩ ሥር አንዲት አሻንጉሊት ተገኘች። ቱቦው ላይ ተቀምጣ አልገባም አለች። ባለሱቋ አገጯን ቀና አደረገች። ሲስተር ግን አሻንጉሊቷን አነሳችና ጫማዋን በጥፍሯ ሳብ አደረገችው፤ ጫማዋ ወለቀ። ጫማዋን ቱቦው ውስጥ ጣለችው። ጠብ።

ባለሱቋ አሻንጉሊቷን ከሲስተር እጅ ነጠቀች።

«እኔ ሦስት ልጅ በብይ ነው ያሳደግሁት» አለች ባለሱቋ፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር፣ ዝቅ ያለ ድምፅ ደግሞ በእሷ ዘንድ የቁጣ መጀመሪያ ነው። «አንዳቸውም አልሞቱብኝም። አንቺ ሆስፒታል እየዋልሽ ዓለም ሁሉ በሽተኛ መስሎ ይታይሻል። ነው ወይስ የእኔ እጅ ያነካካው ነገር ቀፎሽ ነው?»

«እንደሱ አይደለም፣ እትዬ ሙች።»

«በእኔ መማል ተይ! መደርደሪያዬን በሶፍት ካርቶን አስለክተሽ አዋረድሽኝ እኮ።»

ሾፌሩ ተነስቶ መሐል ገባ። «ሲስተርዬ፣ ልጆቹ እኮ አራትና አምስት ዓመታቸው ነው። ብይ መብላት ትተዋል። ‹ጠርጥር ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር› እያልሽ ገንፎው በረደ!»

«እነሱ ትተዋል። ወንድሞቻቸውና እህቶቻቸውስ?» አለች ሲስተር። «ከረጢቱ እኮ እዚህ አይቀርም። ወደ ቤት ይገባል። ቤት ደግሞ የሚድህ ልጅ አለ።»

ባለሱቋ ዕቃዋን ወደ ፌስታሉ መለሰች፤ እያንዳንዷን ስትጥላት ድምጿ እንዲሰማ አድርጋ። በሩ ላይ ስትደርስ ድንቡሼን ጉንጯን ስማ፣ «አይዞሽ የእኔ ቆንጆ፤ እናትሽ ከፈቀደች ድንጋይ እንሰጣቸዋለን፤ ትልቅ ድንጋይ» አለችና ወጣች።

ያን ምሽት ሾፌሩ ሚስቱን በስሟ ጠራት።

•

በሆስፒታሉ፣ በሲስተር ክፍል ግድግዳ ላይ ያልተጻፉ ሁለት ሕጎች አሉ። አንደኛው፦ የሚያለቅሰውን ልጅ አትፍራ፣ ዝም ያለውን ፍራ። የሚያለቅስ ልጅ አየር አለው። ሁለተኛው፦ አፉ ውስጥ ነገር ባለ ልጅ ፊት አትጩህ፣ አትሩጥ። ልጅ ሲደነግጥ አየር ይስባል፤ አየር ሲስብ አፉ ውስጥ ያለውንም አብሮ ይስባል። ትን ካለው በኋላ ሌላ ሥራ ነው፤ ትን እንዳይለው ግን ዋናው ሥራ ዝግታ ነው።

ሲስተር ይህን ያህል ዓመት ሠርታ ያልለመደችው አንድ ነገር ነበር፤ የመንገዱ ጥበት። የሕፃን አየር የሚመላለስባት ቧንቧ የራሱን የሕፃኑን ትንሿን ጣት ብታህል ነው። መንገድ ላይ የምታያቸው ደረታቸውን ነፍተው የሚሄዱ ሰዎች፣ የሚጣሉት፣ የሚያፏጩት፣ አውቶብስ የሚጋፉት ሁሉ፣ አንድ ጊዜ በዚያች ቀጭን መንገድ ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ይህን ባሰበች ቁጥር ሰው ሁሉ ተአምር ይሆንባታል።

በክፍሉ መደርደሪያ ላይ ክዳኑ የሚሽከረከር የፕላስቲክ ብልቃጥ አለ። ሐኪሞቹ ከልጆች ጉሮሮና አፍንጫ በቀጭን ጉጠት ያወጡት ነገር ተቀቅሎ እዚያ ይገባል፤ ለሚመጡ እናቶች ማስተማሪያ ነው። መርፌውና ባትሪው ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጣል፤ በብልቃጡ ውስጥ ያለው አዝራር፣ የመጫወቻ መኪና ጎማ፣ የአሻንጉሊት ጫማ፣ የፊሽካ ምላስ፣ ዶቃ ነው። ሌላው ሰው ሲያየው ቅራቅንቦ ነው። ሲስተር ግን የምታየው ልጆቹን ነው።

ዓርብ ዕለት የክፍሉን ኃላፊ አስፈቀደች። «እስከ ሰኞ ብቻ። የባሌን እህት ላሳምንበት ነው።»

«የባል እህት በዚህ ካመነች እኔም የእኔን አመጣልሻለሁ» አለች ኃላፊዋ።

ሲስተር ብልቃጡን በሥራ ቦርሳዋ ይዛ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች። ባለሱቋ ከባንኮኒው ኋላ ሆና ፊቷን አዙራ ሪባን ትቆርጥ ነበር። ሲስተር አልተከራከረችም። ብልቃጡን ከፍታ ነጭ የስጦታ ወረቀት ላይ አፈሰሰችው።

«ይሄ አዝራር፣ ሲያስል የከረመ ልጅ ነው፤ ጉንፋን ነው ብለው ሽሮፕ ሲያጠጡት ነበር። ይሄ የፊሽካ ምላስ፣ ልጁ በተነፈሰ ቁጥር ደረቱ ያፏጭ ነበር፤ ወንድሞቹ ይስቁ ነበር። ይቺ አረንጓዴ ዶቃ፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ናት። አባቷ ተሸክሟት ሲገባ ከንፈሯ ሰማያዊ ነበር። እግሯ ላይ አንድ ጫማ ብቻ ነበር።»

ባለሱቋ ሪባኑን ማስቀመጥ ረሳች። እጇን ዘርግታ አረንጓዴዋን ዶቃ አነሳችና ወደ መብራቱ ቀና አደረገቻት። ከዚያ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ መደርደሪያው ላይ ከተሰቀለው እሽግ ጋር አስተያየቻት። አንድ ዓይነት ነበሩ።

«ልጅቷ...?» አለች።

«ደህና ናት። ደረስንላት።»

ባለሱቋ ዶቃዋን ስትመልሳት ሁለቴ ወደቀችባት። ከዚያ፣ «ታዲያ ምን ልንሰጣቸው ነው?» አለች። ይቅርታ የሚባለው ነገር በባለሱቋ አንደበት ከዚህ የበለጠ ቀርቦ አያውቅም።

•

መልሱን ያገኘችው ሲስተር ወጥ ቤት ውስጥ ነው። የምትፈልገው ቢላዋ ነበር፤ እጇ ላይ የመጣው ግን የእንጨት ማንኪያ ሆነ። ቱቦው ላይ አስቀመጠችው። ጭንቅላቱ አላለፈም። ጎተተችው፣ ጠመዘዘችው፣ ወለሉ ላይ ጣለችው፤ የሚወልቅ ነገር የለውም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ማንኪያ ገዙ። ሾፌሩ በአውቶብሱ ላይ ቁጥር በቀለም ሲጽፍ የኖረ እጅ ስላለው፣ በየማንኪያው ጀርባ ላይ የየልጁን ፊት በማይለቅ ቀለም ሣለ፤ ጥርሱ የወለቀውን ጥርሱ ወልቆ፣ ጸጉሯ የተንጨባረረውን ተንጨባርሮ። ልጁ ማንኪያውን ይዞ ራሱን በራሱ ያናግራል።

ባለሱቋ ስታይ ሳቋን ለማፈን አፏን በእጇ ሸፈነች። «ማንኪያ? ልጆቹ የተጠሩት ለልደት ነው ለሥራ?»

ድንቡሼ ግን አልሳቀችም። ማንኪያዎቹን አንድ በአንድ አየቻቸው። «እነዚህ አያብረቀርቁም» አለች።

«ግን ይስቃሉ፤ እያቸው» አለ አባቷ።

«ሽቦ ምን ይለኛል?» ሽቦ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነው፣ ከመንገዱ መጨረሻ፤ ቅጥነቱ ነው ስሙን ያወጣለት። የድንቡሼ ልብ ያለው እሱ ዘንድ ነው። «ማንኪያ ቤታቸው አለ እኮ።»

ሲስተር ጉንጯን ሳመቻትና ወደ ኬኩ ሥራ ተመለሰች። የሥራ ቦርሳዋ መኝታ ቤቱ በር ኋላ፣ ዝቅተኛው መንጠቆ ላይ ተሰቅሎ ነበር። በዚህ ቤት መድኃኒት ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነው፤ መቀስ ተቆልፎበት ነው፤ ሳንቲም ሜዳ ላይ አይገኝም። ብልቃጡን ግን ሲስተር ከሥራ ዕቃ ወገን ነበር የቆጠረችው፤ ከጉጠቱና ከጓንቱ ወገን። በእሷ ዓይን እነዚያ ነገሮች መጫወቻ መሆናቸው ያበቃው ከልጅ ጉሮሮ የወጡ ዕለት ነው። ድንቡሼ ደግሞ በሩ ሥር ሆና እናቷ ከሱቁ ስትመለስ ብልቃጡን እንዴት አድርጋ በሁለት እጇ ይዛ ቦርሳው ውስጥ እንዳስተካከለችው አይታለች። ሰው እንደዚያ አድርጎ የሚይዘው ውድ ነገርን ነው።

•

ልደቱ እንደ ልደት አለፈ። ፊኛ የለም፤ ሲስተር አልፈቀደችም። ሻማው ጠፋ፣ ተጨበጨበ፣ ኬክ ልብስ ላይ ዋለ፣ አንድ ልጅ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣለው። ልጆቹ ሲወጡ ድንቡሼ በር ላይ ቆማ ከረጢቱን በየእጃቸው ሰጠች፤ ፊቷ ላይ የሚስጥር ፈገግታ ነበር። አንዷ እናት ማንኪያውን መዝዛ አይታ፣ «መጥበሻውንስ ለሚቀጥለው ዓመት ነው?» ብላ ሳቀች። ሲስተርም አብራ ሳቀች። ያን ሁሉ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ወረደ።

ቤቱ ሲጸዳዳ፣ ለነገ ሥራ እንዲዘጋጅ ብላ ቦርሳዋን ከመንጠቆው አወረደች። ቀለላት። ብልቃጡን አወጣችና ነቀነቀችው። አልተንኳኳም።

ሲስተር ባዶውን ብልቃጥ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ከዚያ በጣም በዝግታ፣ ድምጿን እንደ ብርጭቆ ውኃ ጠብቃ፣ «ድንቡሼዬ፣ ነይ እስቲ እናቴ» አለች።

ልጅቷ ኬክ በጉንጯ እንደለጠፈች መጣች።

«እዚህ ውስጥ የነበሩት የት ሄዱ?»

ድንቡሼ ፈገግ አለች። «ሰጠኋቸው! ማንኪያዎቹ ጌጥ አልነበራቸውማ። በየከረጢቱ አንድ አንድ ከተትኩ። አንቺ እንደምትወጃቸው አውቃለሁ፣ ግን ለልደቴ ነው።»

«ጎበዝ። ጥሩ ነው። አሁን ለማን ምን እንደሰጠሽ ንገሪኝ።» ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

ልጅ የሰጠውን አይረሳም። ድንቡሼ ሳታወላውል ተናገረች፤ ጎማው ለእንትና፣ ጫማው ለእንትና፣ አዝራሩ ሶፋው ላይ ተኝቶ ለነበረው ልጅ። ሾፌሩ በር ላይ ቆሞ ሰማ። ቀልድ የሚባል ነገር ከፊቱ ጠፋ። ሳይነገረው ስልኩን አወጣ። ሲስተር የእናቶቹ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ በድምፅ ላከች፦ «ሲስተር ነኝ። ከረጢቱ ውስጥ በስሕተት የገባ ትንሽ ነገር አለ። አሁኑኑ ተቀበሏቸው፤ ትንንሾቹ አፍ ውስጥ እንዳይገባ። ካገኛችሁ ጻፉልኝ። እባካችሁ፣ ልጆቹን አትጩሁባቸው።»

መልሱ እየተንጠባጠበ መጣ። «አገኘሁት፣ ኪሱ ውስጥ ነበር።» «እኔም።» ቤቱን ስታግዝ የቆየችው ባለሱቋ በባዶ እግሯ ወደ ጎረቤቶቹ በረረች፤ አዝራሩንና የፊሽካውን ምላስ ጨብጣ ተመለሰች። «የእኔ ከረጢቱን እስካሁን አልከፈተውም፣ ሲስተር።» እያንዳንዱ መልስ ሲመጣ ሲስተር አንድ ትንፋሽ ትወስዳለች፤ ልክ እሷም አየር አጥሯት እንደቆየች።

«ሽቦስ?» አለች ወደ ልጇ ዞራ። «ለሽቦ የትኛውን ሰጠሽው?»

«አረንጓዴዋን። ከሁሉም የምታምረውን።»

ሾፌሩ የልብስ ሰፊዋን ቁጥር ደወለ፤ ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። እንደገና። «የስፌት መኪናው ድምፅ አያሰማትም» አለ።

ባለሱቋ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ሽቦ ወንድም አለው። አሁን ገና መዳህ የጀመረ።»

ሲስተር ይህን እስክትጨርስ አልጠበቀችም።

•

በሩጫ የሚደረስበት ቦታ ነው፤ ሆኖም ያ መንገድ እንደዚያ ቀን ረዝሞ አያውቅም። ሲስተር የቤት ጫማዋ አንዱ ከእግሯ ሲወልቅ አልተመለሰችም። አንድ ጫማ ብቻ፣ አለች በልቧ፤ የባለ ቢጫ ቀሚሷ ልጅ እግር መጣባት፣ ገፋችው። የልብስ ሰፊዋ ቤት በሩ መንገዱን የሚያይ አንድ ክፍል ነው፤ መስኮቱ ላይ ያላለቁ ኮቶች ተሰቅለዋል። ከሩቅ የስፌት መኪናው ድምፅ ይሰማል፤ ትርርር፣ ትርርር። ሌላ ድምፅ የለም። የልጅ ለቅሶ የለም። የሚያለቅሰውን አትፍራ።

በሩ ላይ ስትደርስ ሩጫዋን አቆመች። እግሯን በግድ ነው ያቆመችው። ትንፋሿን ዋጠች፤ ፊቷን አስተካከለች፤ እንግዳ ለጥየቃ እንደሚገባ ሆና ገባች።

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። «ውይ ሲስተር! ምን...»

ሲስተር ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው አነሳች፤ መኪናው ቆመ። ያኔ ነው ጸጥታው የመጣው።

ሽቦ ጠረጴዛው ሥር ማንኪያውን ከአንድ ቁራጭ ጨርቅ ጋር ያዋጋል። «ሽቦዬ» አለች ሲስተር በሚጫወት ድምፅ፣ «ድንቡሼ የሰጠችህ አረንጓዴ ዶቃ የት አለች?»

«እዚያ አስቀምጫት ነበር» አለ ወደ ወለሉ እያመለከተ። «ማሙሽ ወሰዳት።»

የሚድኸው ወንድሙ ማሙሽ ከስፌት መኪናው ወዲያ፣ የተቆራረጠ ጨርቅ ክምር ውስጥ ተቀምጧል። አያለቅስም። አይስቅም። አፉ ግጥም ብሎ፣ አንዱ ጉንጩ ሞልቶ፣ በትላልቅ ዓይኖቹ ያያታል። አፍንጫው ይንቀሳቀሳል። ይተነፍሳል፤ እስካሁን።

እናትየው አየችና ተነሳች፤ ወንበሩ ሊወድቅ ሲል ሲስተር ሳትዞር በአንድ እጇ ያዘችው። «እንዳትነኪው» አለች፤ ቃሉን እንደ እሹሩሩ እያወረደችው። «እንዳትጠሪው። ሳቂ። እንደምንም ሳቂ።» እናትየው ጥርሷን አሳየች፤ እንባዋ በሳቋ ላይ ወረደ።

ጣቷን ብትከት? ያልታየ ነገር ላይ ጣት ወደ ውስጥ ይገፋል እንጂ አያወጣም። ብታነሳው? ይደነግጣል። ይህን ሁሉ እጇ ያውቀዋል። እጇ የማያውቀው፣ አንድ ሕፃን ራሱ ፈቅዶ አፉን እንዲከፍት እንዴት እንደሚለመን ነው።

እጇን ወደ ሽቦ ዘረጋች። «ማንኪያህን አበድረኝ።»

ሽቦ እያቅማማ ሰጣት። ሲስተር በሆዷ ተኛች፤ በሆዷ ተኝታ፣ በጨርቁ መሐል፣ አገጯ ወለሉን እስኪነካ። ማንኪያውን ከማሙሽ አገጭ በታች፣ ከሩቅ፣ ዝቅ አድርጋ ያዘች። በሾፌሩ እጅ የተሳለው የሽቦ ፊት ወደ ላይ ይስቃል። ከዚያ እናት ሁሉ የምታደርገውን አደረገች፤ የራሷን አፍ ከፈተች። «አአአ...»

ማሙሽ ማንኪያውን አየ። የሕፃን ዓለም ሰፊ አይደለም፤ ማንኪያ ሲመጣ አፍ ይከፈታል። አንገቱን ወደ ማንኪያው አቀረቀረ፤ የበለጠ አቀረቀረ፤ ሁለት እጁን ወለሉ ላይ አሳርፎ ፊቱን ወደ መሬት ደፋ። አፉ ተከፈተ። ምራቅ በቀጭኑ ተንጠለጠለ። በምራቁ ጫፍ አረንጓዴዋ ዶቃ ወጣች፤ አንድ አፍታ ከንፈሩ ላይ አበራች፤ ከዚያ ጨርቁ ላይ ወደቀች። ድምፅ እንኳ አልነበራትም።

ሲስተር በመዳፏ ሸፈነቻት።

ማሙሽ ማንኪያው ላይ ምንም ምግብ እንደሌለ ሲገባው ቤቱን ቀውጢ አደረገው። አለቀሰ፤ ቀይ ሆኖ፣ እግሩን እያወራጨ፣ ጉሮሮው እስኪታይ ድረስ። ሲስተር ያን ጩኸት ተኝታ አዳመጠችው። ከዚያ የሚያምር ዜማ ሰምታ አታውቅም።

ልብስ ሰፊዋ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ባለሱቋ እያለከለከች የሲስተርን አንድ ጫማ ይዛ በሩ ላይ ደረሰች። በጩኸቱ ደነገጠች። «ምን ሆነ? ለምን ያለቅሳል?»

«አለቀሰ፣ እትዬ» አለች ሲስተር። «አለቀሰ እኮ!» ያን ጊዜ ነው ከወለሉ የተነሳችው።

ሽቦ ብቻ ነው ደስ ያላለው። «ዶቃዬስ?» አለ። «ስጦታዬ እኮ ናት። ማንኪያዬንም ወስደሻል።»

ሲስተር ማንኪያውን መለሰችለት። ባለሱቋ ኪሷን ዳበሰች፤ ያገኘችው የሱቋን የቁልፍ መያዣ ነው፤ ቡጢ የሚያህል የላስቲክ ዝሆን። ልትሰጠው ስትል ቆም አለችና ወደ ሲስተር ዞረች። «ካርቶንሽን ይዘሻል?»

•

ድንቡሼ ደጃፉ ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። የሆነ ነገር እንደተበላሸ ገብቷታል፤ ምን እንደሆነ ግን ማንም አልነገራትም። ኬኩ በእንባ ታጥቦ ከጉንጯ ወርዷል። «ሽቦ ተቆጣኝ?» አለች።

ሲስተር ደረጃው ላይ ተቀመጠችና ልጇን ጭኗ ላይ አወጣች። የዚህን ብልቃጥ ነገር ለእናቶች ሁሉ ተናግራዋለች፤ ለባለሱቋ ተናግራለች። ለዚህች ግን አልነገረቻትም። ጨብጣው የመጣችውን መዳፍ ከፈተች።

«ይቺን ዶቃ አንዲት ልጅ ዋጥኩ ብላ አስባ ነበር። አልዋጠቻትም፤ አየር የሚገባበት መንገድ ላይ ቆመችባት። መተንፈስ አቃታት። እኛ ጋ ወሰዷት፣ አወጣንላት። በብልቃጡ የያዝኳቸው ስለሚያምሩ አይደለም። በሌሎች ልጆች ላይ እንዳይደገም ብዬ ነው።»

ድንቡሼ ዶቃዋን አየች፤ አልነካቻትም። «ዛሬ ማሙሽ ላይ ልትቆም ነበር?»

«ልትቆም ነበር።»

ልጅቷ እናቷ ላይ ተደገፈች። ሲስተር በጀርባዋ በኩል የትንሿን ደረት ከፍ ዝቅ ማለት በመዳፏ ተከተለች።

«ያቺ ልጅ አሁን የት ናት?»

«ቤቷ ናት። ትምህርት ቤት ገብታለች።»

«ታዲያ» አለች ድንቡሼ ፊቷን ቀና አድርጋ፣ «የእሷ ከሆነች ለምን አልመለስሽላትም?»

ሲስተር መዳፏን ዶቃዋ ላይ መልሳ ዘጋችው። ከኋላ፣ ከበሩ ውስጥ፣ የሾፌሩ ሳቅ ተሰማ፤ ቀኑን ሙሉ ታፍኖ የቆየ ሳቅ።